ድንጋዩን ዛሬ አስቀምጡ



ከመካከላችሁ ከኤርፖርት ፈረቃ በቀጥታ የመጣችሁ አላችሁ። ነገ ሌሊት ተነሥታችሁ ሥራ የምትገቡም አላችሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ወረፋ እናውቃለን። ቀበሌ ስኳርና ዘይት ሲመጣ ሌሊቱን ሙሉ መቆም ስለማይቻል ድንጋይ እናስቀምጥ ነበር። «ይቺ የእትዬ እገሊት ናት፣ ይቺ የጋሼ እገሌ ናት» እየተባለ ድንጋዮቹ ተሰልፈው ያድራሉ። ጠዋት ባለቤቶቹ መጥተው ቦታቸውን ይይዛሉ። ድንጋይ ያላስቀመጠ ሰው ግን ችግሩ ከሁሉ ቢብስም የሚሰለፈው ከኋላ ነው።

በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ለሚያሳድግ ቤተሰብ ዛሬ የምነግረው ሁሉ ከዚህች ድንጋይ አይርቅም። እዚህ አገር እርዳታ አለ፤ ነገር ግን በር አንኳኩቶ አይመጣም። የሚሰጠው ቀድሞ ለጠየቀ፣ በጽሑፍም ለጠየቀ ነው። ብዙዎቻችንን ኋላ የሚያስቀረን የገንዘብ ወይም የእንግሊዝኛ ማነስ ይመስለናል። እኔ ግን ከሁለቱም በላይ ሀፍረትና «እስቲ ትንሽ እንጠብቅ» የምትለው ቃል ናቸው እላለሁ።

ከሀፍረቱ ልጀምር። ልጁ ሁለት ዓመት ሞልቶታል እንበል። ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም። የሚፈልገውን በጣቱ አያሳይም። መኪናዎቹን መስመር አስይዞ ይደረድራል፤ አንዷ ከተነካች ቤቱ ይናወጣል። እናት ለአያት ስልክ ትደውላለች። አያትም «አባቱም እኮ ዘግይቶ ነው የተናገረው፤ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው» ይላሉ። ሌላው «ቡዳ ነው» ይላል። ሌላው «በእርግዝናሽ ጊዜ ምን ሆነሽ ነበር?» ይላል። በመጨረሻ እናትየዋ ዝም ትላለች፤ ልደትና ክርስትናም መሄድ ትተዋለች።

እናትን መውቀስ የእኛ ብቻ ልማድ እንዳይመስላችሁ። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እዚሁ አሜሪካ ኦቲዝምን ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር የጻፈው በ1943 ነበር። (ዓመተ ምሕረቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመታትና ከዚያም በላይ ትልልቅ የአሜሪካ ምሁራን ጥፋቱን በእናቶች ላይ ሲያላክኩ ኖረዋል፤ ፍቅር የነሷቸው፣ እንደ በረዶ የቀዘቀዙ እናቶች ናቸው አሉ። ይህን ያፈረሰው በርናርድ ሪምላንድ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። የራሱ ልጅ ኦቲዝም ነበረበት። በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩ የአንጎል አፈጣጠር እንጂ የእናት ጥፋት እንዳልሆነ ተከራከረ። በዓመቱ ከሌሎች ወላጆች ጋር የአሜሪካን የኦቲዝም ማኅበር መሠረተ። ሳይንሱም እሱ በሄደበት መንገድ ነው የቀጠለው።

በአገራችንም ዝምታውን የሰበረችው እናት ናት። ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ አዲስ አበባ ተመልሳ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ከፍታ ስትሠራ፣ ልጇን የሚቀበለው ትምህርት ቤት አጣች። ልጇን ቤት ዘግታ አላስቀመጠችውም። በ2002 ንያ ፋውንዴሽንን መሠረተች፤ በሥሩም የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋመች። በየመድረኩና በየቴሌቪዥኑ «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ብላ በስሟ ተናገረች። ዘሚ በ2020 አረፈች። ዛሬ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል ሳንተረጉም የምንግባባው በከፊል በእሷ አንደበት ምክንያት ነው።

ስለ መጠኑ አንድ ቁጥር ብቻ ልጥቀስ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በ2025 ባወጣው ሪፖርት፣ ጥናት ባደረገባቸው አካባቢዎች 8 ዓመት ከሞላቸው 31 ልጆች አንዱ ኦቲዝም ተለይቶለታል። እንግዲህ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ሰዎች ልጆችና የወንድምና የእህት ልጆች ቢቆጠሩ ነገሩ የሩቅ አይደለም። ክትባት አምጥቶት ነው የሚለውንም በአጭሩ ልለፈው። ወሬውን ያስነሣው በ1998 በ12 ልጆች ላይ ተሠራ የተባለ ጽሑፍ ነበር። ያሳተመው መጽሔት በ2010 ሰርዞታል፤ ጸሐፊውም የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጥቋል።

አሁን እርዳታው ወደሚገኝባቸው በሮች ልግባ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በልጁ ዕድሜ የተከፈሉ ናቸው።

የመጀመሪያው በር ከውልደት እስከ 3ኛ ልደት ያለው ነው፤ ኢ ሲ አይ ይባላል። የቴክሳስ መንግሥት ዕድገታቸው ለዘገየ ሕፃናት ያቋቋመው ፕሮግራም ነው። እዚህ በር ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም። እናት ራሷ ደውላ «የልጄ ዕድገት ያሳስበኛል» ብትል በቂ ነው፤ ጎረቤትም ሊደውል ይችላል። ሁለተኛ፣ ምርመራው በነፃ ነው። ከተደወለበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ልጁ ታይቶ፣ የሚገባው ሆኖ ከተገኘ፣ የቤተሰቡ ዕቅድ መዘጋጀት አለበት። ባለሙያዋ የምትመጣው ቤታችሁ ድረስ ነው። አገልግሎቱ ራሱ እንደ ገቢያችሁ ሊያስከፍል ይችላል፤ አቅም የሌለው ግን አይባረርም። ሜዲኬይድ ወይም ቺፕ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ያለው ልጅ ቤተሰብ አይከፍልም። ይህ በር ልጁ 3ኛ ልደቱን ባከበረ ዕለት ይዘጋል። «አራት ዓመት ሲሞላው ይናገራል» ብሎ የጠበቀ ቤተሰብ ይህን በር ሳያየው አልፎታል።

የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም እያንዳንዱ ልጅ በ18ኛውና በ24ኛው ወሩ ለኦቲዝም እንዲጣራ ይመክራል። በዚያ ቀጠሮ መጠይቅ ካልተሰጣችሁ ጠይቁ። መጠይቁ ላይ ደግሞ እውነቱን ሙሉ። ሐኪም ፊት ልጅን ማሳመር ልማዳችን ነው፤ እዚህ ላይ ግን የሚጎዳው ልጁን ራሱን ነው።

ሁለተኛው በር ከ3ኛ ልደት እስከ 21 ዓመት የሚዘልቀው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ከሁሉ ሰፊው በር ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ልጁ ገና መዋዕለ ሕፃናት ባይደርስም፣ 3 ዓመት ከሞላው፣ የምትኖሩበት የትምህርት ቤት ዲስትሪክት ይመለከተዋል፤ ዳላስ ይሁን ጋርላንድ፣ ሪቻርድሰን ይሁን አርሊንግተን። ግን መጠየቅ ያለበት በቃል አይደለም። መምህሯን በር ላይ አግኝቶ «ልጄን እዩልኝ» ማለት በሕግ የተቀመጠውን የመልስ ጊዜ ገደብ አያስጀምርም። አንድ ገጽ ጻፉ። የልጁን ስምና የትውልድ ቀን፣ ትምህርት ቤት ከገባም የትምህርት ቤቱን ስም፣ ቀጥሎም «ልጄ ለልዩ ትምህርት አገልግሎት ሙሉ ግምገማ እንዲደረግለት እጠይቃለሁ» የሚል፤ ቀንና ፊርማ። ለርዕሰ መምህሩ ወይም ለዲስትሪክቱ የልዩ ትምህርት ኃላፊ ስጡ፤ ቅጂውን ቤታችሁ አስቀምጡ።

ያቺ አንድ ገጽ ከተሰጠችበት ቀን ጀምሮ ሰዓቱ ይቆጥራል። ዲስትሪክቱ በ15 የትምህርት ቀናት ውስጥ «እሺ» ወይም «አይሆንም፤ ምክንያቱም» ብሎ በጽሑፍ መመለስ አለበት። «እሺ» ካለና እናንተም ከፈረማችሁ፣ በመደበኛው አሠራር በ45 የትምህርት ቀናት ውስጥ ግምገማውን ይጨርሳል። ከዚያ በ30 ቀን ውስጥ «አርድ» የሚባለው ስብሰባ ይጠራል። በስብሰባው ላይ የሚጻፈው የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ፣ አይ ኢ ፒ፣ ትምህርት ቤቱን የሚያስገድድ ሰነድ ነው። ለኦቲዝም ደግሞ ቴክሳስ የተለየ ደንብ አላት፤ ስብሰባው 11 ነጥቦችን አንድ በአንድ ማየት አለበት። ከ11ዱ መካከል የወላጅ ሥልጠና ይገኝበታል። «እኔን የምታሠለጥኑኝ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

በጠረጴዛው ዙሪያ ስድስትና ሰባት ባለሙያ ይቀመጣል። አንዲት እናት ብቻዋን ስትገባ ልቧ ይርዳል። አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ከስብሰባው በፊት «አማርኛ» ብላችሁ አስታውቁ። የ12 ዓመት ታላቅ እህቱን አስተርጓሚ አታድርጓት፤ የወንድሟን ችግር በሁለት ቋንቋ መሸከም የለባትም። ዕቅዱ ካልተዋጠላችሁ ደግሞ አለመስማማታችሁን ተናገሩ። በቴክሳስ ደንብ ስብሰባው እስከ 10 የትምህርት ቀን ተቋርጦ እንደገና እንዲቀመጥ ዕድል ሊሰጣችሁ ይገባል። ይሉኝታ ይዟችሁ እዚያው «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አትበሉ።

«ትምህርት ቤቱ ራሱ አይቶ ይነግረን የለ?» ትሉ ይሆናል። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከ2004 ጀምሮ የቴክሳስ ትምህርት ኤጀንሲ ዲስትሪክቶችን ሲቆጣጠር የልዩ ትምህርት ተማሪዎች ቁጥር ከ8.5 በመቶ እንዳያልፍ የሚገፋ መለኪያ ያዘ። ሂውስተን ክሮኒክል ጋዜጣ በ2016 ጉዳዩን አወጣው፤ በቀጣዩ ዓመት የግዛቲቱ ምክር ቤት በሕግ ከለከለው። በ2018 መጀመሪያ የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት ቴክሳስ ሕግ መጣሷን አረጋገጠ። እነዚያን ዓመታት ሁሉ እርዳታ የሚገባቸው ብዙ ልጆች «ይቆዩ» እየተባሉ ቀሩ። ስለዚህ «ይቆይ» ለሚል ሰው መልሳችሁ አንድ ነው፤ «በጽሑፍ ስጡኝ» በሉ።

የመኖሪያ ወረቀቱ ያልተስተካከለለት ሰው ይህ እኔን አይመለከትም እንዳይል። ከዳላስ በስተምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በመኪና የምትገኘው ታይለር ሰነድ የሌላቸውን ልጆች ያለ ክፍያ አላስተምርም ስላለች ወላጆች ከሰሷት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ለልጆቹ ፈረደ። ከትምህርት ቤት በር በሕግ የሚመለስ ልጅ የለም።

ሦስተኛው በር ድንጋይ የሚቀመጥበት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀውም ይኼኛውን ነው።

ቴክሳስ አካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች የሜዲኬይድ «ዌይቨር» የሚባሉ ፕሮግራሞች አሏት፦ ኤች ሲ ኤስ፣ ቴክሳስ ሆም ሊቪንግ፣ ክላስ፣ ኤም ዲ ሲ ፒ። ቤት መጥቶ የሚያግዝ ሰው፣ ወላጅ እንዲያርፍ ልጁን የሚይዝ ተተኪ፣ ልጁ ሲያድግ የመኖሪያና የቀን ውሎ አገልግሎት ይገኝባቸዋል። የሚታየውም የልጁ ገቢ እንጂ የወላጅ አይደለም። «ደመወዜ ከፍ ያለ ነው፣ አያገባኝም» የምትል ነርስ ካለች ተሳስታለች።

ችግሩ ወረፋው ነው። ለኤች ሲ ኤስ ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ስሙን አስመዝግቦ ይጠብቃል፤ ጥበቃውም ከ10 ዓመት ይዘላል። ዛሬ የ4 ዓመት ልጃችሁን ብታስመዘግቡ ተራው ሲደርስ ጎረምሳ ሆኗል። ልጁ 18 ሲሞላው ብታስታውሱት ግን ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሆናል። ለማስመዝገብ ገንዘብ አይከፈልም። አይጠቅመኝም ካላችሁ ተራው ሲደርስ መተው ትችላላችሁ።

የት ይመዘገባል? ለኤች ሲ ኤስና ለቴክሳስ ሆም ሊቪንግ እንደምትኖሩበት ካውንቲ ነው። ዳላስ ካውንቲ ከሆናችሁ ሜትሮኬር፣ ታራንት ካውንቲ ኤም ኤች ኤም አር፣ ኮሊን ካውንቲ ላይፍፓዝ ሲስተምስ፣ ዴንተን ካውንቲም የራሱ ኤም ኤች ኤም አር አለው። ለክላስና ለኤም ዲ ሲ ፒ ምዝገባው በግዛቲቱ የጤናና የሰብዓዊ አገልግሎት ኮሚሽን በኩል ነው። አንዱ ላይ መመዝገብ ሌላውን ስለማይከለክል ሁሉም ላይ ተመዝገቡ። ቁጥሩ ከጠፋችሁ 2-1-1 ደውሉ፤ ስልኩን ላነሣው ሰው «አማርኛ» በሉት፤ አስተርጓሚ ያቀርቡላችኋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እኛ ቤት መቀየር እናበዛለን፤ ስልክም እንቀይራለን። የላኩላችሁ ደብዳቤ ከተመለሰ ድንጋያችሁ ከወረፋው ሊወጣ ይችላል፤ አድራሻ ስትቀይሩ በየጊዜው አሳውቁ። ሌላው፣ ወረፋው የቴክሳስ ነው። ከሚኒሶታ ወይም ከዋሽንግተን የመጣችሁ የዚያን ይዛችሁ አልመጣችሁም፤ እዚህ እንደ አዲስ ነው።

ወደ ሕክምናው ልምጣ። በዳላስ የዩ ቲ ሳውዝዌስተርን የኦቲዝም ማዕከል ከሕፃናት ሆስፒታሉ ጋር ይሠራል። በፎርት ወርዝ በኩክ ችልድረንስ ሥር ያለው ቻይልድ ስተዲ ሴንተር አለ። ለንግግር የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ዳላስ የካሊየር ማዕከል በዳላስና በሪቻርድሰን ይሠራል። ለምርመራ የሚሰጠው ቀጠሮ ወራት ሊወስድ ይችላልና ከአንድ በላይ ቦታ ተመዝገቡ፤ «ሰው ሲቀር ደውሉልኝ» ብላችሁም ስማችሁን አስይዙ። ቀጠሮውን ስትጠብቁ ግን ትምህርት ቤቱንና ኢ ሲ አይን አታቁሙ፤ ሁለቱም የሐኪም ወረቀት አይጠብቁም።

ኤ ቢ ኤ የሚባለውን የባህርይ ሥልጠና የቴክሳስ ሜዲኬይድ ከ2022 ጀምሮ ለልጆች ይሸፍናል። የግል ኢንሹራንስ ያላችሁ ደግሞ የመሥሪያ ቤታችሁን ኤች አር አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ፕላናችን ሴልፍ ፈንድድ (ወጪውን አሠሪው ራሱ የሚሸፍነው) ነው ወይ?» በሉ። ካልሆነ የቴክሳስ ሕግ ብዙዎቹን የኦቲዝም ሕክምና እንዲሸፍኑ ያስገድዳል፤ ከሆነ ግን ይህ ሕግ አይይዘውም። ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት መብታችሁን ሲነፍጋችሁ ዲስአቢሊቲ ራይትስ ቴክሳስ ያለ ክፍያ የሕግ እርዳታ ይሰጣል። ፓርትነርስ ሪሶርስ ኔትወርክ ወላጆችን ለአርድ ስብሰባ ያዘጋጃል። ቴክሳስ ፓረንት ቱ ፓረንት ደግሞ ተመሳሳይ ልጅ ካሳደገ ወላጅ ጋር ያገናኛችኋል።

ባለሙያዎች አንዳንዴ «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ፤ ሁለት ቋንቋ ያደናግረዋል» ይላሉ። ጥናቶች ይህን አይደግፉም፤ ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በዚያ ምክንያት ወደ ኋላ አልቀሩም። እናት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከምታዝዘው፣ በአማርኛ ብታባብለው፣ ብትዘፍንለት፣ ብታጫውተው ይሻላል። አያቱ ስልክ ላይ ሲጠሩት ድምፃቸውን ይወቅ።

ልጁ 18 ሲሞላው በሕግ ፊት ሙሉ ሰው ነው፤ ሐኪሙ ያለ እሱ ፈቃድ ለእናት ላይናገር ይችላል። ብዙ ወላጆች የሚያውቁት አማራጭ ሞግዚትነት ብቻ ነው። ሞግዚትነት ግን የልጁን መብት ይወስዳል። ቴክሳስ በ2015 ከግዛቶች ሁሉ ቀድማ ሌላ መንገድ በሕግ ፈቅዳለች፤ ልጁ ራሱ እየወሰነ ወላጅ የሚደግፍበት ስምምነት ነው። 17 ሲሆነው አስቡበት። ለወጣቶች ደግሞ ፕላኖ ውስጥ ነንፓሬል የሚባል ኢንስቲትዩት አለ፤ ኦቲዝም ያለባቸውን ወጣቶች በኮምፒውተር ሙያ ያሠለጥናል። እሱንም የመሠረቱት ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አባቶች ናቸው። ሪምላንድን፣ ዘሚን፣ አሁን ደግሞ እነዚህን አባቶች ተመልከቱ፤ ዛሬ የምንገባባቸውን ብዙዎቹን በሮች የከፈቱት ያላፈሩ ወላጆች ናቸው።

ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎችም ምሳሌ ይሆኑናል። በሚኒያፖሊስ እናቶቻቸው «ልጆቻችን በዝተዋል» ብለው ጮኹ። ጩኸታቸው ተሰምቶ ጥናት ተደረገ። በ2013 ይፋ በሆነው ውጤት ከ32 የሶማሌ ልጆች አንዱ፣ ከ36 ነጭ ልጆችም አንዱ ኦቲዝም ተለይቶለታል፤ እምብዛም አይራራቁም። ኦቲዝም ካለባቸው መካከል ግን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አብሮ የታየባቸው በሶማሌዎቹ ልጆች ዘንድ በዙ። የተቆጠረው የተናገረ ሕዝብ ነው። እኛ ካልተናገርን ማን ይቆጥረናል?

አሁን የምናገረው ኦቲዝም ያለበት ልጅ ለሌላችሁ ነው። ጸበል የሚወስድ ይውሰድ፤ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ ጸሎት የትምህርት ቤት ደብዳቤን አይከለክልም። ካህናትና ፓስተሮች፣ ሼኾችም፣ አንድ ቃል ከእናንተ ስንሰማ የአሥር ባለሙያ ያህል ይሆንልናል፤ «ይህ እርግማን አይደለም» በሉን። ከበሮው ሲመታ ጆሮውን ይዞ የሚጮኽ ልጅ ስታዩ እናቱን በዓይን አትውጓት፤ ድምፁ እያመመው ነው። ከኋላ በር አጠገብ ቦታ ልቀቁላት።

«እግዜር ይማርልሽ» ማለት ይቅር። «ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ልጁን ልያዝልሽ፤ ሄደሽ ተኚ» ይባል። ለቅሶ ቤት ተራ ገብተን የምናድር፣ አራስ የምንጠይቅ፣ እቁብና እድር ባሕር ማዶ ይዘን የመጣን ሰዎች ነን። ለአርድ ስብሰባ አብሮ የሚቀመጥ አንድ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ማዋጣት አያቅተንም።

ስጨርስ፤ በስተኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ። እንግሊዝኛ መጻፍ የሚችሉ ወጣቶችም ተቀምጠዋል። ለትምህርት ቤት የሚሰጠውን አንድ ገጽ ዛሬ ማታ ሳትሄዱ አጽፉ፤ ሰኞ ጠዋት ልጁን ስታደርሱ ስጡ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ በካውንቲያችሁ ወዳለው መመዝገቢያ ደውሉና ስሙን ወረፋው ላይ አስይዙ። ቡናው እስኪፈላ ደብዳቤው ያልቃል።